መንግሥት ብቸኛ ቀጣሪ ሲሆን

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር አመሸን። እኔ ሶሻሊዝም ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ያበላሹት እንደ ስታሊን ያሉ ክፉ መሪዎች ናቸው ባይ ነኝ። እነሱ ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ሰውን ለመቆጣጠር የተሠራ ነው ይላሉ። ስዊድንስ ስላቸው ሳቁብኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ። ወደ ጓደኞችህ አደላለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሐሳቡን ካመነጩት ብዙዎቹ የድሃው ነገር ከልብ ያንገበገባቸው ሰዎች ነበሩ። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ፋብሪካውም፣ መሬቱም፣ ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም አንድ እጅ ውስጥ ሲገባ ያ እጅ ደግም ሆነ ክፉ መቆጣጠሩ አይቀርም። ስታሊን ክፉ ነበር፣ አዎ። እሱ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ የሆነውን ግን ስማኝ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ)።

ዘመኑ 1964፣ ቦታው የሶቪየት ኅብረቷ ሌኒንግራድ ከተማ። ጆሴፍ ብሮድስኪ የሚባል የ23 ዓመት ገጣሚ ፍርድ ቤት ቀረበ። አልሰረቀም፣ ሰው አልደበደበም። ክሱ «ጥገኛ ነህ» የሚል ነው፤ በሰው ላብ የምትኖር ሥራ ፈት እንደማለት። ልጁ እኮ ፋብሪካ ሠርቷል፣ ሬሳ ክፍል ሠርቷል፣ ከጂኦሎጂ አጥኚዎች ጋር ዞሯል፣ ግጥም ይጽፋል፣ ይተረጉማል። ዳኛዋ ግን ገጣሚ መሆንህን ማን አጸደቀልህ፣ ከገጣሚዎች ተርታ ያሰለፈህ ማነው ብላ ጠየቀችው። ማንም፣ ከሰው ልጅ ተርታስ ያሰለፈኝ ማነው አላት። 5 ዓመት የግዳጅ ሥራ ፈርዳ ወደ ሰሜን ላከችው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ ተለቀቀ፤ በ1972 ከአገር አባረሩት፣ በ1987 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

የዳኛዋ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ እንዳይመስልህ። እዚያ ሥርዓት ውስጥ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀጣሪው አንድ ከሆነ የምትሠራው ነገር ሥራ ነው አይደለም የሚለውም እሱ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አለቃህ ቢያባርርህ ተፎካካሪው ይቀጥርሃል። እዚህ ግን ማዶ ብትሻገርም የምታገኘው ያንኑ አለቃ ነው፣ ያው አለቃ ደግሞ የቤትህም አከራይ ነው። ገበሬውን ደግሞ ተመልከት። የአገር ውስጥ ፓስፖርት በ1932 ሲታወጅ የጋራ እርሻ ገበሬዎች በአብዛኛው አልተሰጣቸውም፣ ያለሱ ደግሞ ከተማ ገብቶ መኖር አይቻልም። ይህ እስከ 1970ዎቹ ዘለቀ። ነፃ ወጣህ የተባለው ገበሬ መንደሩ ውስጥ ታስሮ ቀረ ማለት ነው።

ምርጫስ? ምርጫ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ከተስማማህ ወረቀቱን ተቀብለህ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ትከታለህ። ስሙን መሰረዝ ከፈለግህ መጋረጃው ውስጥ መግባት ትችላለህ፣ ማን ከለከለህ! ችግሩ ስትገባ ሁሉም ያይሃል። ለዚህ ፖሊስ አያስፈልግም።

ፖሊሱም ቢሆን አልጠፋም። ሽታዚ የሚባለው የሶሻሊስቷ ምሥራቅ ጀርመን የስለላ ፖሊስ በ1989 ወደ 91,000 ቋሚ ሠራተኞችና ከ170,000 በላይ መረጃ አቀባዮች ነበሩት፤ ሕዝቡ 16 ሚሊዮን ቢሆን ነው። በ1992 ፋይሉ ለተሰለሉት ሰዎች ሲከፈት ባሏ ሲሰልላት እንደኖረ ያነበበች ሴት አለች።

መሃይምነት መቀነሱን፣ ክሊኒክ ገጠር መድረሱን አልክድም። ያንን መካድ ጅልነት ነው። ግን ክሊኒክ ለመክፈት ገጣሚ ማሰር ለምን አስፈለገ?

የስዊድኑን ጥያቄህን ግን ጓደኞችህ መሳቅ አልነበረባቸውም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ሶሻል ዴሞክራቶች የሚባለው ፓርቲ ሰዎች ከ1932 ጀምሮ 44 ዓመት ገደማ ሥልጣን ላይ ቆዩ። ግብር አበዙ፣ ሕክምናና ጡረታ አስፋፉ፣ ፋብሪካውን ግን በአብዛኛው ለባለቤቶቹ ተዉት፣ ጋዜጣውንም የፈለገ ያትመው ነበር። በ1976 ምርጫ ተሸነፉና ቢሯቸውን ለቀው ወጡ። በ1982 አሸንፈው ተመለሱ።