በሰው ቤት እየሠሩ ጸሎትን አለማቋረጥ

ሪያድ በሰው ቤት እየሠራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበትና የራስሽ የምትዪው ሰዓት በማይገኝበት ሁኔታ ጸሎትሽን እንዴት እንደምትቀጥዪ ጠይቀሻል። እኅቴ፣ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሁሉ ማድረስ አልቻልኩም ብለሽ አትጨነቂ፤ ነግህንና ንዋምን፣ ማለትም ስትነሺና ልትተኚ ስትዪ ያሉትን ሁለቱን፣ አጥብቀሽ ያዢ።

ጠዋት አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ማታ ከዳዊት አንድ መዝሙር አድርሺ። አንድ ንጉሥ ሙሉ፣ 10 መዝሙር ማለት ነው፣ የዕረፍት ቀን ስታገኚ ትደግሚያለሽ። እኔ እዚያው አገር በሠራሁባቸው ዓመታት ነጠላዬን ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር አጥፌ አስቀምጥ ነበር፤ ቤተሰቡ ሲተኛ መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ ድምፄን ሳላሰማ እጸልይ ነበር። በማግስቱ ለሥራ የምነሣበትን ኃይል የማገኘው ከዚያች ሩብ ሰዓት ነበር።

የጾሙን ሰዓት በተመለከተ፣ የሥራሽን ክብደት ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸውና እሳቸው ይወስኑልሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ለወራት ከታሰሩ በኋላ ወደ አገር ተመልሰዋል። ስለዚህ የማኅበር ጸሎት ጥሪ ሲመጣልሽ ጠሪዋን በአካል የማታውቂያት ከሆነ አትሂጂ፤ የጉባኤ ፎቶም በስልክሽ አታስቀምጪ።