ኤፒዱራል ልውሰድ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ «ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ኤፒዱራል ወገብ ይጎዳል፣ እግር ያሽመደምዳል እያሉ ያስፈራሩኛል፤ የወሰዳችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ያልሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ይህን የምጥ ሕመም ማደንዘዣ የወገብ መርፌ እኔ ወስጄዋለሁ፤ ዳግም ባምጥም እወስደዋለሁ። መፍራት ያለብሽ ግን የሚያስፈራሩሽን ነገር አይደለም።

1. ሽባነቱን ከልብሽ አውጪው። ሕብለ ሰረሰር ከላይኛው ወገብ አይወርድም፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። መርፌውም ወዲያው ይወጣል፤ ጀርባሽ ላይ የሚቆየው መድኃኒት የሚያስተላልፍ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ብቻ ነው። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ለወራት የሚዘልቀው የወገብ ሕመምም ያለ ኤፒዱራል የወለዱትን እኩል ይይዛል።

2. ምጡ ሲጀምር ፍላጎትሽን ተናገሪ፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ሰመመን ሰጪውም ሌላ ክፍል ተይዞ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ የደም ማቅጠኛ መርፌ የምትወጊ ከሆነ የመጨረሻውን ሰዓት በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ኢኖክሳፓሪን የተባለው ማቅጠኛ ለመከላከያ በሚሰጠው መጠን ከሆነ 12 ሰዓት፣ ለሕክምና በሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ከሆነ 24 ሰዓት ሳያልፍ አይወጉሽም። እኔን ሦስት ሰዎች ሰዓቱን ጠይቀውኝ ከወረቀቱ ነው ያነበብኩላቸው።

3. ሲወጉሽ አገጭሽን ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ ጀርባሽን አጉብጪ፤ ምጡ ሲመጣ «መጣ» በያቸውና ይጠብቁሽ። እኔ ድንጋይ ሆኜ ነው የተቀመጥኩት፤ ያም ሆኖ መርፌው አንድ ሽፋን አልፎ የአከርካሪ ፈሳሹን የያዘውን ከረጢት በሳው። ይህ ከ100 እናቶች በአንዷ ገደማ የሚደርስ ነገር ነው። ሰመመን ሰጪው ሳይደብቀኝ ነገረኝ፤ ቱቦውንም በሌላ ቦታ አስገባልኝና ሕመሙ ቀለለልኝ። እሱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ፣ ልጄን ላጠባ ቀና ስል ነው። ግንባሬና ማጅራቴ የሚፈነዳ መሰለኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ። ጋደም ስል ለቀቀኝ፤ ቀና ስል ተመለሰ። የማዋለጃ ክፍሉ ሐኪም ከበሩ ሳያልፍ «የእንቅልፍ እጦት ነው፣ ሁሉም እናት ይላል» ብሎኝ ሄደ። ነርሷ ፓራሲታሞል ሰጠችኝና የመውጫ ወረቀቴን መሙላት ጀመረች። ሽፋኑ መበሳቱ ካርዴ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም ገልጦ አላየውም! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ፈሳሹ በተበሳው ቀዳዳ ሲፈስ የሚመጣው ይህ ራስ ምታት አዲስ ነገር እንኳ አይደለም። የአከርካሪ ማደንዘዣን የጀመረው ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በ1898 በራሱ ላይ ሲያስሞክር የአከርካሪ ፈሳሹ ፈስሶበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቆመ ቁጥር ራሱን እየፈለጠው ለቀናት ተኝቶ ከርሟል። ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ ነገር ነው ለእኔ «እንቅልፍ» የተባለው።

አልወጣም አልኩ። ባለቤቴ ሰመመን ክፍል ድረስ ሄዶ «ስትነሣ ያማታል፣ ስትተኛ ይተዋታል» ብሎ ነገራቸው። ለእነሱ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በቂ ነበረች። ከክንዴ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ቀድተው በዚያው በወገቤ በኩል መለሱት፤ ደሙ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ወገቤ ላይ የመጫን ስሜት ተሰማኝ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ልጄን ቁጭ ብዬ አጠባሁ። ሁሉም ሰው በአንዴ አይድንም፤ አንዳንዱ ይደገምለታል። እኔ በአንዴ ዳንኩ።

አንቺም «ስነሣ፣ ስተኛ» የሚለውን በዚሁ ቃል ንገሪያቸው፤ «ራሴን አመመኝ» ብቻ ካልሽ ፓራሲታሞል ይዘሽ ትመለሻለሽ። ተኝተሽም የማይለቅ፣ ዐይን የሚያደበዝዝ ወይም ከደም ግፊት ጋር የመጣ ከሆነ ግን ሌላ አደገኛ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል በዚያው ሰዓት ይዩሽ። ትኩሳት ከብርቱ የወገብ ሕመም ጋር ከመጣ፣ እግርሽ ደንዝዞ ካልተመለሰ ወይም ሽንት አልወጣ ካለሽም እንዲሁ። ከሆስፒታሉ ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የሰመመን ክፍሉን ስልክ ተቀበዪ፤ የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ አይበቃሽም።