መካኒኩ ትራክተሬን አልሰጥም አለኝ፤ ጋራዡን ሰብረን እናውጣው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር አጠገብ ሮቢት ነው። ከአባቴ የወረስኩት ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ። በታኅሣሥ 2016 ሞተሩን እንዲያድሱልኝ ከተማ ውስጥ ላለ ጋራዥ ሰጠሁ። መለዋወጫውን ጨምሮ በ120,000 ብር ተስማማን፤ በሁለት ወር ያልቃል አሉኝ። 80,000 ብር በቴሌብር ከፈልኩ። በጽሑፍ ግን አልተዋዋልንም። ሥራው ከዓመት በላይ ቆየ። አሁን አልቋል ብለው ጠሩኝና የዕቃ ዋጋ ስለጨመረ ሌላ 70,000 ብር፣ ለቆመበት ደግሞ ኪራይ ክፈል ይሉኛል። የድሮው የናፍጣ ፖምፓም በሌላ ተቀይሯል፤ የእኔን ስጠይቅ “አሮጌ ነው፣ ተጥሏል” አሉ። ልጆቼ ሄደን በጉልበት እናምጣው ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ልጆችዎን ያስቁሙልኝ። ትራክተሩ የእርስዎ ቢሆንም የሰው ጋራዥ ሰብሮ መግባት በወንጀል ያስጠይቃል። ዛሬ ጥሩ ክስ ይዘዋል፤ በሩ የተሰበረ ዕለት ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።

“ወረቀት የለኝም” የሚለው አያስፈራዎት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1719 መሠረት፣ ሕግ በተለየ ፎርም ይሁን ካላለ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። የጥገና ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚል ነገር የለም። ከባዱ ማስረዳቱ ነው። የቴሌብር ደረሰኝ 80,000 ብር መክፈልዎን ያሳያል፤ “መለዋወጫውን ጨምሮ” መባሉን ግን አያሳይም። ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዋጋ የተነጋገራችሁ ዕለት አብሮዎት የነበረው ማን ነው? ጎረቤት ይሁን ልጅዎ፣ ስሙን ይያዙ። ከጋራዡ ጋር የተጻጻፉትን መልእክትም እንዳያጠፉ።

አሁን ወደ 70,000ው ብር እንምጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ መወደዱን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንቀጽ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። አንቀጽ 1764 ደግሞ የአንዱ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህም ይጠነክራል። ሥራው በየካቲት 2016 ማለቅ ነበረበት። የዋጋው ንረት የመጣው እነሱ ከዘገዩ በኋላ ነው። በጊዜው ቢሠሩት ኖሮ ዕቃውን በድሮው ዋጋ ይገዙት ነበር። ስምምነታችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ የዕቃው ልዩነት እርስዎ ላይ ይወድቅ ነበር። የማቆያ ኪራዩን በተመለከተ ስምምነት የለም፤ ትራክተሩንም እዚያ ያቆየው የራሳቸው መዘግየት ነው። አይክፈሉ።

ፖምፓውን በቀላሉ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። ማሲ ፈርጉሰን 135 የተሠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ነው። በናፍጣ የሚሠራው ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር አለው፤ የናፍጣ ፖምፓውም በአብዛኛው ሲኤቪ የሚባለው ነው። እንዲህ ያለ ፖምፓ ሲደክም ተፈትቶ፣ ጎማና ማኅተሙ ተቀይሮ፣ መጠኑ ተስተካክሎ ይመለሳል እንጂ ዝም ብሎ አይጣልም። ዕድሜ ላለው ትራክተር ደግሞ ዋናው ዕቃ ራሱ ዋጋ አለው። ከማሽንዎ የተፈታ ዕቃ፣ ያረጀም ቢሆን፣ እርስዎ ካልተዉት በቀር ንብረትዎ ነው። ወይ ይመልሱ፣ ወይ ዋጋውን ይክፈሉ። ሆነ ብለው ሸጠውት ከሆነ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 የእምነት ማጉደል ክስ ሊመጣ ይችላል። ግን ማስረጃ ሳይዙ ወደ ፖሊስ አይሩጡ። በሰላም ሄደው የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር፣ አዲሱ ፖምፓ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ያለባት ብረትም ፎቶ ያንሱ። የሞተሩ ቁጥር ከድሮ ሰነድዎ ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ ከፖምፓ በላይ ነው፤ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ሌላውን እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል። ረጅም አይሁን። መቼ እንደሰጡ፣ በስንት እንደተስማሙ፣ ስንት እንደከፈሉ ይጻፉ። ቀሪውን 40,000 ብር ትራክተሩን ሲረከቡ ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን መግለጽ እንዳይረሱ፤ የራሱን ድርሻ ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ማለት ይከብደዋል። ትራክተሩንና የድሮውን ፖምፓ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ ይጠይቁ። በሁለት ምስክር ፊት ይስጡ ወይም በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ፤ ቅጂው እርስዎ ጋ ይቅር።

በዚህ መሃል ሽማግሌ ቢገባ ደስ ይለኛል። መካኒክና ባለትራክተር ነገም ይፈላለጋሉ። ከተስማማችሁ ግን ስምምነቱ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ምስክሮችም ትፈርሙበት።

ካልሆነ መካኒኩ የሚኖርበት ወይም ውሉ የተደረገበት ቦታ ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ያቅርቡ። ከርክክቡ በተጨማሪ ኪሳራ መጠየቅ ይችላሉ። ባለፈው ክረምት ሌላ ትራክተር ተከራይተው ካረሱ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ ከሌለ ያረሰልዎትን ሰው ምስክርነት ያዘጋጁ። በግምት “ይህን ያህል አጣሁ” ማለት ብቻውን ዳኛ አያሳምንም።

የመረከቢያው ቀን ሲደርስ ሌላ የሚያምኑት መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ጭሱን፣ የዘይት ግፊቱንና ካምቢዮውን ይፈትሽልዎ። “ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ” የሚል ወረቀት ከቀረበልዎ፣ ፖምፓው አለመመለሱንና ያዩትን ጉድለት በእጅዎ ጽፈው ከዚያ ይፈርሙ።