ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር፦ መቃኛውን ሳይነኩ በፔዳልና በጉልበት ሊቨር

ጥያቄ፦ ክራር መጫወት ከጀመርሁ ዐሥር ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ጥምቀት ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ዐሥር ክር፣ ሦስት ፔዳልና አራት የጉልበት ሊቨር (በጉልበት የሚገፋ ዘንግ) ያለው ፔዳል ስቲል ጊታር፣ ማለትም ተጋድሞ የሚጫወቱት ጊታር፣ አምጥቶልኝ፣ ቅኝቱ «ኢ9» የሚባለው እንደሆነ ነገረኝ። በክራር ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ስሻገር ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በዚህም መሣሪያ እንደዚያው መቃኛውን እያዞርሁ ሞከርሁ። ነገር ግን ፔዳል ስረግጥ ድምፁ ይሳሳታል፤ እንደረገጥሁ ሳስተካክለው ደግሞ፣ እግሬን ሳነሣ ያልተረገጠው ድምፅ ይበላሻል። ፔዳሎቹ ለእኛ ቅኝት አይሆኑም ማለት ነው?
ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ይሆናሉ። መጀመሪያ ግን በጨዋታ መካከል መቃኛውን ማዞር ይተዉ፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። በክራር እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ ቅኝት በተለወጠ ቁጥር እጅ ወደ ቀንበሩ ይሄዳል። በፔዳል ስቲል ላይ ግን ለብዙዎቹ ክሮች ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ አስቀድሞ ተሰናድቶላቸዋል። ፔዳሉ ወይም ሊቨሩ ከሣጥኑ ሥር ባሉት የብረት ዘንጎች አማካይነት በቀኝ በኩል ክሩን የያዘውን ብረት ያንቀሳቅሰዋል፤ ክሩ እንደ አሠራሩ ይወጠራል ወይም ይላላል፤ ሲለቁትም ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል።

እርስዎ ያሰቡት መንገድ በመሣሪያው ታሪክም የነበረ ነው። በመጀመሪያ ዘመን ተጫዋቾች ፔዳሉን በአብዛኛው የሚረግጡት ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ዝነኛ በሆነ የዘፋኙ የዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ግን የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ ክሮቹ ድምፅ እየሰጡ ሳሉ ፔዳሉን ረገጠ፤ አንዱ ድምፅ ከፍ እያለ ሲሄድ ሌላው ባለበት ጸንቶ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የመሣሪያው መለያ ይህ ሆነ። አዝማሪ በመሰንቆው ላይ በጣቱ ድምፅን እንደሚያንሸራትት ሁሉ፣ በግራ እጅ ተይዞ በክሮቹ ላይ የሚያርፈው የብረት ባርም ድምፅን ያንሸራትታል፤ ሆኖም ባሩ የነካቸውን ክሮች በሙሉ አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። የተመረጠውን ክር ብቻ ለይቶ የሚያነሣው ወይም የሚያወርደው ፔዳሉና ሊቨሩ ነው።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንምጣ። ከእርስዎ ርቆ ካለው ክር ጀምሮ ሲቆጠር ቅኝቱ ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ፣ ቢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ፣ ዲ እና ቢ ነው። አንደኛው ፔዳል 5ኛውንና 10ኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ፣ ሁለተኛው ደግሞ 3ኛውንና 6ኛውን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ከፍ ያደርጋል። ከሊቨሮቹ አንዱ 4ኛውንና 8ኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ ሻርፕ ያወርዳል። ይህን ሊቨር የሚገፋው የትኛው ጉልበት እንደሆነ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ፣ 8ኛውን ክር እየመቱ ሊቨሮቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ፔዳሎቹም በተጫዋቹ በጂሚ ዴይ አሰላለፍ የተገጠሙ ከሆነ ቅደም ተከተላቸው ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል።

ባር ሳያሳርፉ 8ኛውን፣ 7ኛውን፣ 6ኛውንና 5ኛውን ክር በተራ ይምቱ፤ ከዚያ አንደኛውን ፔዳል ረግጠው 5ኛውን ይድገሙና በ4ኛው ክር ይጨርሱ። ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ ይሰማሉ፤ ሙሉው ትዝታ ሜጀር በአንድ ፔዳል ብቻ ተገኘ ማለት ነው። ለትዝታ ማይነር ደግሞ ባሩን 3ኛው ፍሬት (በክሮቹ ሥር የተሰመረው 3ኛ መስመር) ላይ ያሳርፉ። 10ኛው ክር አንደኛው ፔዳል ተረግጦ ያንኑ የመነሻ ኢ ይሰጥዎታል፤ 8ኛውን ክር በሊቨሩ አውርደው ሲመቱት ኤፍ ሻርፕ፣ ሊቨሩን ለቀው ሲመቱት ጂ ይሆናል፤ 6ኛው ክር ቢ ነው፤ ሁለተኛው ፔዳል ሲጨመርበት ሲ ይሆናል፤ 5ኛው ክር ከአንደኛው ፔዳል ጋር የላይኛውን ኢ ይሰጣል። መነሻው ስላልተለወጠ ዘፋኙ ድምፁን ማዛወር አያስፈልገውም። አንዳንዶች ባሩን ሳያንቀሳቅሱ አንደኛውን ፔዳል በከፊል ብቻ በመርገጥ ከቢ ወደ ሲ መድረስን ይመርጣሉ፤ እግር የሚቆምበት ልክ የሌለው አረጋገጥ ስለሆነ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደስተኝ ደግሞ በዚያው 3ኛ ፍሬት ላይ አምባሰል አብሮ መገኘቱ ነው። ከ6ኛው ክር ተነሥተው ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ እያሉ በ3ኛው ክር ቢ ላይ ይድረሱ፤ ድምፆቹ የትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያቸው ብቻ ነው።

የተበላሸውን ለማስተካከል ሥራውን በቅደም ተከተል ይያዙ። ምንም ሳይረግጡና ሳይገፉ ዐሥሩንም ክሮች በራስጌው መቃኛ ይቃኙ፤ ከዚህ በኋላ መቃኛው አይነካም። ቀጥሎ አንደኛውን ፔዳል እስከሚቆምበት ድረስ ረግጠው፣ በቀኝ ጫፍ ከሚታዩት ትናንሽ የናይለን ዳዶዎች የ5ኛውንና የ10ኛውን ክር በማዞር ሲ ሻርፕን ያግኙ፤ ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ይጨርሱ። ዳዶው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ፔዳሉ ቢለቀቅም ክሩ ወደ ቦታው ስለማይመለስ፣ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ ያልተረገጠውን ድምፅ ደግመው ያድምጡ። ጂ ሻርፕን በቃኚ መሣሪያ መርፌ ላይ ብቻ አይተዉት፤ መርፌው ከኢ በላይ 400 ሴንት (አንድ ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው) ላይ ሲያስቀምጠው በጆሮ የጠራው ግን 386 ሴንት ላይ ነው። ሲ ሻርፕም እንዲሁ በ16 ሴንት ያህል ዝቅ ሲል ይጠራል። በዚህ ምክንያት 3ኛው ፍሬት ላይ ባሩ ከመስመሩ ጥቂት ወደ ቀኝ ማለፍ ይኖርበታል፤ ልኩን ጆሮዎ ይነግርዎታል።

የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ደግሞ ሞቃት ስለሆነ የብረት ክር በሙቀት ይላላል። ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ መሣሪያውን ዳሱ ውስጥ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩትና፣ ከመሰንቆው ጋር በ8ኛው ክር ከተስማሙ በኋላ የቀሩትን ይቃኙ።