ጉርሻዋን እምቢ ልበላት?

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አሉ? 39 ዓመቴ ነው። የ9 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለኝ። ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው ከአራት ወር በፊት ነው። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴም ስኳር አለባት። «እንጀራም ዳቦም እርግፍ አድርገሽ ተዪ» ብላ የአልሞንድ ዱቄት ላከችልኝ። ተውኩ። በአራተኛው ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሳመጣ ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ለልጆቹ ፓስታ፣ ለባለቤቴ ወጥ፣ ለእኔ ሰላጣ ስሠራ ከማዕድ ቤት አልወጣም። ትንሿ ልጄ ስታጎርሰኝ እምቢ ብላት አለቀሰች። ምን ይሻለኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከታክሲው ልጀምር። እንደነገርሽኝ ከሆነ ስኳርሽ ወርዶ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን (ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። በላሽ አልበላሽ አይጠይቅም። አንቺ እንጀራውን አቆምሽ፣ እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ እምብዛም አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ ሂጂና «እንጀራ ልቀንስ ነው» በያቸው። መድኃኒቱን የሚቀንሱት ወይም የሚቀይሩት እነሱ ናቸው፤ በራስሽ እንዳታቆሚ። እስከዚያው የለመድሽውን ምግብ ብዪ። እህትሽ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አላውቅም፤ የእሷ ልክ ግን ያንቺ ልክ አይደለም።

የስኳር መለኪያ ማሽኑ ከ70 በታች ካሳየሽ፣ ወይም ማሽን በሌለበት እንደዚያ ቀን ካደረገሽ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። 15 ደቂቃ ቆይተሽ ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚ። ቦርሳሽ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። የ9 ዓመቱ ልጅሽ ይህን መማር ይችላል። የእኔው በ7 ዓመቱ ያውቅ ነበር፤ የስኳር ዕቃውን እጁ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነበር የማስቀምጠው። «ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር፤ ሮጠህ ጎረቤት ጥራ» ብዬዋለሁ።

አዎ፣ እኔም የስኳር ታካሚ ነኝ። 11 ዓመት ሆነኝ። ነርስ ሆኜ እንኳ «ጤፍ ነው፣ ምን ያደርጋል» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። አንድ ቀን የቤቴን እንጀራ ሚዛን ላይ አወጣሁት፦ 340 ግራም። ከእንጀራ ሲሶ ገደማው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ገብቶ ወደ ስኳር የሚለወጠው ነገር ነው። አንዱ እንጀራ ብቻ ወደ 110 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ማለት ነው። ካርቦሃይድሬቱ የቀነሰ አመጋገብ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ነው። ምሳና እራት አንድ አንድ ብትበዪ ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው።

ትልቁ ጉድ ግን ትሪው ነው። ከጋራ ትሪ ላይ ስንት እንደበላሽ በምን ታውቂያለሽ? ከዳር ትቆርሻለሽ። ልጅ የተወውን ትጠርጊያለሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወጡን የጠጣው የታችኛው እንጀራ አለ፤ እሱን የሚተው ጀግና ነው! እኔ ከመቀመጤ በፊት ሩብ እንጀራ ቆርጬ በራሴ በኩል ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። እሷ ስታልቅ በሹካ እቀጥላለሁ። የልጆች ትርፍ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ለነገ ይቀመጣል፤ እናት ሆድ ውስጥ ይቀመጥ ያለ የለም።

ሦስት ዓይነት ምግብ መሥራቱን ተዪው። ወጡ አንድ ይሁን፦ ጎመን በሥጋ፣ ጥብስ፣ ዶሮ፣ ፎሶሊያ ያለ ድንች። ልጆቹ በእንጀራ ወይም በፓስታ ይብሉት፤ አንቺ በጥቅል ጎመን ወይም በሰላጣ። እነሱ በማደግ ላይ ናቸውና ያንቺን አመጋገብ አትጫኚባቸው። ለስላሳና ብስኩት ግን ለማንም ሲባል ቤት አይግባ።

ጾመኛ ከሆንሽ ነገሩ ይከብዳል። ሥጋና እንቁላል የለም። ሽሮና ምስር ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ፋይበርና ፕሮቲናቸው ብዙ ስለሆነ ግን ስኳርን የሚያወጡት ቀስ ብለው ነው። ጎመንና አቮካዶ ጨምሪበት። በሶና ቆሎ «ገብስ ነው» ተብለው አይታለፉ፤ ማርም ያው ስኳር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስጂ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ።

ወደ ጉርሻው ልምጣ። ልጄ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። እምቢ ስለው «አልበላም» ብሎ ዞሮ ይቀመጣል። እሺ ስለው ደግሞ አያቱ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ስላስተማረችው ሁለተኛውን ያዘጋጃል። አንድ ማታ የተቀቀለ የጥቅል ጎመን ቅጠል ሰጠሁትና «በዚህ ጠቅልልልኝ» አልኩት። እንቁላል ፍርፍርና አይብ አጨቀበት። ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ የእማዬ ጉርሻ በጎመን ሆኖ ቀረ። አንቺም ቅጠሉን ለትንሿ ስጪያትና ተቀበያት።

የአልሞንድ ዱቄቱን እሁድ እሁድ ከእንቁላል ጋር ቂጣ አድርጊው፤ ሲያልቅ ግን ሌላ ላኪልኝ አትበዪ፣ ያለሱም ይኖራል። የሦስት ወር አማካይ ስኳርሽን ተመርምረሽ ውጤቱን ጻፊልኝ።