ያላያችሁትን አትፈርሙ

ልጆቼ፣ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት የጀመራችሁ ልጆች ምክር ስለምትጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ሃንጋር፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ ውስጥ ነው የኖርኩት፣ ለጀማሪ ሁሌ የማወራውም አንድ አደጋ አለ።

በፈረንጆቹ ማርች 31 ቀን 1931 ከካንሳስ ሲቲ ወደ ሎስ አንጀለስ የተነሳ ባለ 3 ሞተር ፎከር ኤፍ 10 አውሮፕላን ካንሳስ ውስጥ ባዛር የምትባል መንደር አጠገብ ወደቀ፣ የተሳፈሩት 8 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አንዱ ክኑት ሮክኒ ነበር፣ የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው። አውሮፕላኑ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ ነው፣ አዎ ያው በፈረንጆቹ 1945 የኛ አየር መንገድ ሲቋቋም አብሮ የሰራው።

መጀመሪያ በረዶ ነው ምናምን ተባለ፣ ኋላ ግን ክንፉ አየር ላይ እያለ ተገንጥሎ እንደሄደ ታወቀ። የፎከር ክንፍ እኮ እንጨት ነው፣ በሙጫ የተያያዘ፣ ላዩ በኮምፔንሳቶ የተሸፈነ። እርጥበት ቀስ እያለ ይገባል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ከውጭ ስታዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም፣ ውስጡን ለማየት ደግሞ ኮምፔንሳቶውን መገንጠል ነው፣ እሱ ጊዜም ብርም ይበላል። ያኔ የአደጋ ምርመራ ውጤት ለህዝብ አይነገርም ነበር፣ የሰው ጩኸት ሲበዛ ነው መንግስት የተናገረው፣ ፎከሮቹንም አግዶ ክንፋቸው ይፈተሽ ያለው። ከዛ ቲደብሊውኤ አፅሙ ብረት የሆነ አውሮፕላን ስሩልኝ ብሎ ጠየቀ፣ ዳግላስ የሚባለው ፋብሪካ ዲሲ 1ን ሰራ፣ ቀጥሎ ዲሲ 2፣ ቀጥሎ ዲሲ 3 መጣ፣ በ1946 ከአዲስ አበባ ካይሮ የበረረው የኛ ሲ 47ም የዲሲ 3 የወታደር ዓይነቱ ነው።

ብረት ሆነ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። በወጣትነቴ ውጭ አገር ስሰራ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ንጋት ላይ ይነሳል፣ ደክሞኛል፣ ከሽንት ቤቱ ስር ያለውን ወለል ሳልከፍት ፈትሼዋለሁ ብዬ ልፈርም እስክሪብቶ አነሳሁ። አለቃዬ "ከፍተኸዋል?" አለኝ። ዝም አልኩ። ባትሪውን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትቼ ሳነሳው የውስጡ ቀለም አብጧል፣ በጥፍሬ ጫን ስለው ነጭ ዱቄት ረገፈ፣ አሉሚኒየሙ ተበልቷል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጠዋት በረራው ቀረ፣ መንገደኛው ተቆጣ፣ አለቃዬ ግን ወለሉን ክፍት አስቀምጦ የጠዋት ፈረቃ ልጆችን በሙሉ ተራ በተራ እያጎነበሱ እንዲያዩት አደረገ።