ቴስታታ ስታስጠግን ቀዳዳውን ለማስፋት አትቸኩል

"ቪ8 የቤንዚን ፒካፕ አለኝ፤ ተጎታች ሲስብ ዳገት ላይ ይደክማል። ቴስታታዎቹን ሳስጠግን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ላስፋ ወይ?" ላልከው፣ እኔ ብሆን አላሰፋም። (ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹን የያዘው የሞተር ክፍል ነው።)

ተጎታች የሚስበው በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ የሚገኝ ጉልበት ነው። ቀዳዳው ከልክ በላይ ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም በደንብ አይሞላም። ጥቅሙ የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ነው። ለውድድር መኪና እሺ፣ ላንተ ግን ምን ሊያደርግልህ?

ገንዘብህን ቫልቮቹ ላይ፣ ማለትም የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ላይ፣ አውለው። ሲዘጉ የሚያርፉበት መቀመጫቸው በ3 ማዕዘን ይቆረጥ፤ የተለመደው 30፣ 45 እና 60 ዲግሪ ነው፤ ቫልቩ የሚያርፈው 45ቱ ላይ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ የሚያርፍበት ጠርዝ ከመግቢያው ትንሽ ሰፋ ይበል። ይህ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በዚያ ጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙ ከጠበበ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ቫልቩ ቶሎ ይቃጠላል። የቫልቭ ጋይዱ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ከላላ ደግሞ እሱን ሳይቀይሩ መቀመጫ ማስቆረጥ ልፋት ብቻ ነው።

ቴስታታው ከመላጨቱ (የታችኛው ፊቱ በማሽን ከመስተካከሉ) በፊት ስንጥቅ እንዳለው ይፈተሽ። ሲላጭም ለመስተካከል የሚበቃውን ያህል ብቻ። ብዙ ከተላጨ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው መታመቅ) ይጨምራል፣ ጭነት ላይ ሞተሩ መንኳኳት ሊጀምር ይችላል።

ኧረ ዋናውን ረስቼው! ምንም ከመፍታትህ በፊት ኮምፕሬሽኑን ለካ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ልኬቱ ከፍ ካለ ያለቁት የፒስተን ሪንጎቹ (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽጉት ቀለበቶች) ናቸው፤ ቴስታታ መጠገን አያድንህም።